በአንድ ዙር ከቤት የሚወጣ ቴሌስኮፕ

ለጓሮው ቴሌስኮፕ ለመግዛት ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ስንት እጥፍ ያጎላል?” ብሎ ነው። ሳጥኑም ላይ በትልቁ የሚጻፈው ይኸው ቁጥር ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ እንድታስቀድሙ እፈልጋለሁ፦ “እንውጣና እንይ” ካላችሁበት ሰዓት ጀምሮ ዓይናችሁ ሌንሱ ላይ እስኪያርፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ይህን በአብዛኛው የሚወስነው ቴሌስኮፑ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው መቆሚያ ነው።

መቆሚያ የምለው ፈረንጆቹ ማውንት የሚሉትን ነው። ከታች እንደ ካሜራ መቆሚያ ሦስት እግር አለው። ከላይ ደግሞ የቴሌስኮፑን ቱቦ ይዞ የሚያዞር ራስ አለው። ገዢው ብዙ ገንዘቡን ቱቦው ላይ አውጥቶ ለዚህ ክፍል የተረፈውን ሳንቲም ይሰጠዋል። ከዚያ ቴሌስኮፑ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ አቧራ ይጠጣል።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በ2025 መጀመሪያ፣ በክረምቱ ወራት፣ አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ሦስት ወር አብረውን ሰነበቱ። አባቴ ከ30 ዓመት በላይ ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ፕላኔቶችን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲስሉ ኖረዋል፤ በቴሌስኮፕ ግን አንድም ቀን አይተው አያውቁም። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። አያቷን የምታውቃቸው በስልክ ነው፤ አማርኛዋም ከ“ደህና ነኝ” ብዙ አያልፍም ነበር።

ያ ጥር ለዚህ ነገር የተመቸ ነበር። ገና ሲመሽ ቬነስ በምዕራብ በኩል ታበራለች፤ ሳተርን ከአጠገቧ ናት። ጁፒተር ከፍ ብላ ትታያለች፤ በምሥራቅ ደግሞ ማርስ ቀላ ብላ ትወጣለች። አራቱም በአንድ ምሽት። ፀሐይ ከ5 ሰዓት ትንሽ አልፋ ትጠልቃለች፤ ልጄ 8 ሰዓት ላይ ትተኛለች። (ይህን የምቆጥረው በአሜሪካ ሰዓት ነው። አባቴ 11 እና 2 ነው የሚሉት፤ ልጄ ይህን ለመልመድ አንድ ወር ፈጅቶባታል።) በዚህ መሐል እራት አለ፣ የቤት ሥራ አለ፣ ገላ መታጠብ አለ። ደመናውንና የአባቴን ብርድ አለመውደድ ስትጨምሩበት፣ በቀን የሚተርፈን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። እሱም በየቀኑ አይደለም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኢኳቶሪያል የሚባለውን ዓይነት መቆሚያ አዋሰኝ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ልንቀው አልፈልግም። አንደኛው ዘንጉ ከመሬት ዛቢያ ጋር ትይዩ እንዲሆን ወደ ሰሜን ኮከብ ይነጣጠራል። ከዚያ በኋላ አንድ መዘውር ብቻ ስታዞሩ፣ ወይም ሞተር ስታስገቡበት፣ ኮከቡን ይከተላል። የሰማይ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቱቦውን የሚመጣጥኑት ብረቶች ብቻቸውን ብዙ ኪሎ ናቸው። እግሩን አውጥቶ ማስተካከል፣ ራሱን መግጠም፣ ብረቶቹን ማስገባት፣ ሚዛኑን መጠበቅ፣ ከዚያ ሰሜንን መፈለግ። በእኛ ጓሮ በሰሜን በኩል የጎረቤት ትልቅ ዛፍ አለ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ 25 ደቂቃ ፈጅቶ ሲያልቅ አባቴ ወደ ቤት ገብተው ሻይ ይጠጡ ነበር፤ ልጄም ፒጃማዋን ለብሳለች።

ስለዚህ ወደ ቀላሉ ዓይነት ሄድኩ። ስሙ አልት-አዚሙት ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ሥራው ቀላል ነው፦ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ። ሕፃን ልጅ ጣቱን ወደ ሰማይ ሲቀስር እንደሚያደርገው ማለት ነው። ሰሜንን መፈለግ የለም፣ የሚመጣጥን ብረትም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

በዚህ ወገን ውስጥ ሦስት ዓይነት ምርጫ አለ።

አንደኛው የዶብሰን መቆሚያ ነው። ጆን ዶብሰን በ1915 ቤጂንግ ተወልዶ ካሊፎርኒያ ውስጥ ብዙ ዓመት በገዳም የኖረ ሰው ነበር። ኋላ በሳን ፍራንሲስኮ የእግረኛ መንገድ ላይ ቴሌስኮፕ አቁሞ አላፊ አግዳሚውን “ኑና ሳተርንን እዩ” ይል ጀመር። መቆሚያውን የሠራው ከተራ ጣውላ ነው፤ ድሃም ቢሆን ሊሠራው እንዲችል። ይህን ሰው እወደዋለሁ። ነገር ግን የተለመደው ባለ 200 ሚሊሜትር ዶብሰን ከነመቆሚያው ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ደረጃ ላለው ቤት ይከብዳል። ትንሹ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ግን ድንቅ ነው። ለምሳሌ የስካይዋቸር ሄሪቴጅ 130፣ ቱቦው ተጣጥፎ ያጥራል፤ በአንድ እጅ ታቅፎ ይወጣል። የሚፈልገው የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ነው። የእኛ የጓሮ ጠረጴዛ ፕላስቲክ ስለሆነ ተውኩት። ጠንካራ ጠረጴዛ ካላችሁና ገንዘባችሁ አነስ ያለ ከሆነ፣ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ ሳታነቡ እሱን ግዙ።

ሁለተኛው በሞተር የሚዞር፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ዓይነት ነው። ኤዜድ-ጂቲአይ የሚባለው ራሱ 1.3 ኪሎ ብቻ ነው፤ እስከ 5 ኪሎ ይሸከማል ተብሎ ተጽፎለታል። ስልኩ ላይ “ሳተርን” የሚለውን ስትነኩ ዞሮ ያገኛታል፤ ካገኛትም በኋላ ይከተላታል። ይህን ለማድረግ ግን መጀመሪያ እግሩን ማስተካከል፣ ባትሪ መግጠም፣ ከስልኩ ጋር ማገናኘትና በአንድ ወይም በሁለት ኮከብ ቦታውን ማሳወቅ ያስፈልጋል። ለብዙ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የኮምፒዩተር ስሕተት ሳሳድድ ስለምውል፣ ማታ ደግሞ በብርድ ቆሜ ዋይፋይ ማባበል አልፈለግሁም።

የወሰድኩት ሦስተኛውን ነው፦ በእጅ የሚዞር፣ ሁለት ትናንሽ መዘውሮች ያሉት። የጃፓኑ ቪክሰን ፖርታ የሚባለው የዚህ ዓይነት ነው፤ ሌሎችም ይሠሩታል። በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ ወደ ጁፒተር ታዞሩታላችሁ፤ የለቀቃችሁበት ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ በመዘውሮቹ ቀስ እያላችሁ ታስተካክላላችሁ።

መዘውሮቹ ለምን እንደሚያስፈልጉ ላስረዳ። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ጨረቃ ሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። 100 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ የምናየው የሰማይ ክፍልም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ያህላል። እንግዲህ ጁፒተርን መሐል ላይ ብታስቀምጧት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከጠርዙ ወጥታ ትጠፋለች። ልጄ ጫማዋን እስክታደርግ ድረስ ሄዳለች ማለት ነው። መዘውሩን ሩብ ዙር ያህል ብታዞሩት ትመለሳለች። ይህንን ልጄም ተማረችው፤ ከሁለተኛው ምሽት በኋላ ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ቀላል መቆሚያ ይንቀጠቀጣል። ቴሌስኮፕ ደግሞ ፕላኔቷን ብቻ ሳይሆን መንቀጥቀጡንም 100 እጥፍ ያጎላዋል። ስለዚህ “ከሁሉ የቀለለው የቱ ነው?” ብሎ መምረጥ አያዋጣም። ቱቦውን ያለ ጭንቀት ከሚሸከሙት መካከል የቀለለውን ነው የምንፈልገው። ሻጩ “9 ኪሎ ይሸከማል” ካለ እኔ 6 ኪሎ ብዬ አነባለሁ። የእኔ ቱቦ 80 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ነው፤ ከነዕቃው 3 ኪሎ ገደማ። መቆሚያው ከነእግሩ ከ6 ኪሎ አይበልጥም። ሁለቱ ሳይነጣጠሉ ጋራዥ ውስጥ ይቆማሉ፤ እንዳሉ አንስቼ አወጣቸዋለሁ። ሁለት ደቂቃ።

ሱቅ ወይም ሰው ቤት ሄዳችሁ መቆሚያ የምትሞክሩ ከሆነ ይህን አድርጉ። ራቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የመብራት እንጨት ጫፍ፣ በሌንሱ ውስጥ አስገቡ። ቱቦውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ መታ አድርጉና ቁጠሩ። መወዛወዙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከቆመ ጥሩ ነው። ሦስት ይቻላል። አምስት ከደረሰ መልሱት።

ያላችሁ መቆሚያ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ወዲያው አትጣሉት። እግሮቹን እስከ መጨረሻው አትሳቡ፤ ባጠረ ቁጥር ይጠነክራል። አጭር መሆኑ ለልጅም ይመቻል፤ አባቴም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው ያዩት፣ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከቆመው የበለጠ ያያል። በእግሮቹ መሐል ዘንቢል አንጠልጥላችሁ ውስጡ አንድ ጋሎን ውኃ አስቀምጡ። የእንጨት በረንዳ ላይ ግን አታቁሙት፤ አንድ ሰው በተራመደ ቁጥር ጨረቃ ትደንሳለች። ሣር ወይም ሲሚንቶ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለወላጆች፦ ፈጥኖ የሚወጣ ቴሌስኮፕ ቀን ላይም ልጅ ሊያወጣው ይችላል። ለፀሐይ የተሠራ ማጣሪያ ከፊት ለፊቱ ሳይገጠም ፀሐይን በቴሌስኮፕ ማየት ዓይን ያጠፋል። በእኛ ቤት ሌንሶቹ የሚቀመጡት ለብቻቸው፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው።

በሦስት ወር ውስጥ 11 ምሽት ወጣን። የመጀመሪያውን ቀን አባቴ ቬነስን ሲያዩ ጨረቃ መስላቸው ነበር፤ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተቆርጣ ነበርና። ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፣ እንደገና ጎንበስ ብለው አዩ። “አጥቢያ ኮከብ እኮ ናት” አሉ ለልጄ፣ “ንጋት ላይ ስትወጣ እንዲህ እንላታለን። አሁን የማታ ተረኛ ሆናለች።” የሳተርን ቀለበት በዚያ ዓመት ጠርዙን ወደ እኛ ስላዞረ ቀጭን መስመር ብቻ ነበር የሚታየው። አባቴ ሰሌዳ ላይ ሰፊ አድርገው ሲስሉት ስለኖሩ ትንሽ ቅር አላቸው። “የእኔ ይበልጣል” አሉ።

ልጄ መጀመሪያ “አባባ ና፣ እይ!” ነበር የምትለው። “‘ይምጡ፣ ይዩ’ በይ” አልኳት። በጠረጴዛ ዙሪያ ስንት ጊዜ ነግሬያት ያልያዘችውን፣ ጁፒተር ልትጠፋ አንድ ደቂቃ ሲቀራት ያዘችው። አማርኛ ለምትማሩ ሁሉ፦ ትእዛዝና አክብሮት አብረው የሚሄዱባቸው እነዚህ ሁለት ቃላት በጣም ይጠቅማሉ። ከእሳቸው ደግሞ “ኬክሮስ” የሚለውን ቃል ተማረች፤ ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንዳለን የሚለካበት ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያላት ከፍታ ያለንበትን ኬክሮስ ያህላል። እዚህ 39 ዲግሪ ነው። አባቴ በዛፉ ጎን አልፈው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው በጡጫ እየለኩ አሳዩአት፤ አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል ነው፣ ስለዚህ አራት ጡጫ። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ፣ አንድ ጡጫ እንኳ አትሞላም።

ይህ ለመቆሚያ ምርጫም ይጠቅማል። ኢኳቶሪያሉን አዲስ አበባ ብወስደው፣ ለ39 ዲግሪ የተስተካከለውን ወደ 9 ማውረድ ይኖርብኛል፤ እዚያ ድረስ የማይወርዱም አሉ። ኮከቧም ዝቅ ብላ፣ በእንጦጦ በኩል፣ ከአቧራና ከጭስ ውስጥ ነው የምትፈለገው። ወደ ላይ-ወደ ታች፣ ወደ ግራ-ወደ ቀኝ ለሚለው ግን ሰሜኑም ኬክሮሱም ግድ አይሰጠውም፤ የትም ቢያቆሙት ያው ነው።

አባቴ ከመመለሳቸው በፊት መቆሚያውን በመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ አስመዘኑኝ። ለሚመጣው እረፍት ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። እግሩን ከራሱ ፈትተን፣ በፎጣ ጠቅልለን ስናስገባው ለልብስ 17 ኪሎ ይተርፋል፤ ቱቦው በእጅ ይያዛል። የሠፈራቸውን ተማሪዎች ስም ከአሁኑ መዝግበው ይዘዋል፣ በተራ ቁጥር።