የፊተኛውና የኋለኛው ዝናብ በሐዴራ

ከጎንደር ገጠር ተነሥቶ በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ያለችው ሐዴራ የገባ ሰው የዝናቡ ወቅት ይገለበጥበታል። አገር ቤት ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲቋረጥ፣ በሐዴራ ጠብታ አይወርድም። ዝናቡ በጥቅምት ገደማ ይጀምርና አብዛኛው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ወርዶ ያልቃል። ኦሪት የፊተኛውና የኋለኛው ዝናብ የምትላቸው የዚህን ወቅት መግቢያና መውጫ ነው።

ዝናቡን የሚያመጣው በቆጵሮስ አካባቢ የሚፈጠር ዝቅተኛ የአየር ግፊት ነው። ከአውሮፓ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ለብ ባለው ሜዲትራኒያን ላይ ሲያልፍ እርጥበት ይጠጣል፤ ከዚያ ዳርቻው ላይ ያራግፈዋል። ምድር ስትሞቅ ግን ከምድር ወገብ ግራና ቀኝ ያለው ደረቅ የከፍተኛ ግፊት ቀጠና ወደ ዋልታዎች ይሰፋል፣ ዝናብ አዘል ማዕበሎችንም ወደ ሰሜን ይገፋል። ሜዲትራኒያን በዓለም ላይ ዝናብ ይቀንስባቸዋል ተብለው ከሚጠበቁት አካባቢዎች አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ዝናቡ ከቀነሰ ጎርፉ ከየት ይመጣል? አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ትልቅ እንስራ ለመሙላት ጊዜ ይፈጃል፣ ሲገለበጥ ግን የሚፈስሰው ብዙ ነው። ስለዚህ በሁለት ዝናብ መካከል ያለው ደረቅ ጊዜ ይረዝማል፤ ሲመጣ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ዶፍ ሆኖ ይወርዳል። ገበሬ የሚፈልገው ቀስ ብሎ የሚያርስ ዝናብ እየጠፋ፣ አፈር ጠርጎ የሚሄደው ይበረታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሜይ 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። የመጀመሪያው ክረምታቸው በአገሪቱ ከተመዘገቡት እጅግ ዝናባማዎቹ አንዱ ሆነ፣ ኢየሩሳሌምም በረዶ ለበሰች። ተመራማሪዎች ያን ክረምት በጁን 1991 በፊሊፒንስ ከፈነዳው ከፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ጋር ያያይዙታል። አንድ ክረምት ስለ አየር ንብረት ምስክር አይሆንም፤ በየቡናው ላይ «ዘንድሮማ ዘነበ እኮ» እያሉ የሚከራከሩት ይህን ይረሱታል። የሚታየው የብዙ ዓመት አካሄድ ነው።

የበረዶው ነገር ደግሞ በአንዲት ዲግሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንደ ሳይቤሪያ ባሉ እጅግ ቀዝቃዛ ቦታዎች ሙቀት ሲጨምር አየሩ እርጥበት ስለሚያገኝ በመሀል ክረምት በረዶው ሊበዛም ይችላል። ሙቀታቸው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ በሚዋዥቅባቸው ተራሮች ግን በረዶ ይሆን የነበረው ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። 2,814 ሜትር ከፍታ ያለው ሄርሞን እንዲህ ያለ ተራራ ነው። በረዶው በጸደይ ቀስ እያለ ቀልጦ ወደ አለቱ ይሰርጋል፣ የዮርዳኖስን ምንጮችና በእነሱ በኩል የኪኔሬትን ሐይቅ ይመግባል። በዝናብ መልክ ሲወርድ ብዙው በአንድ ጊዜ ይነጉዳል፤ ለበጋ የሚቆይ ነገር ያንሳል።

እስራኤል ለዚህ የሰጠችው መልስ አንዱ ሐዴራ ዳርቻ ላይ ቆሟል። በ2009 መጨረሻ ሥራ የጀመረው ፋብሪካ የባሕር ውኃን በከፍተኛ ግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ እያሳለፈ ጨዉን ያስቀራል፤ በዓመት 127 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የማምረት አቅም ይዞ ነበር የተሠራው። ሥራው ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ጎረቤቱ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ከሰል ሲያነድ የኖረው የኦሮት ራቢን ኃይል ማመንጫ ነው። ዝናቡን ያወከው ጭስና ዝናቡን የሚተካው ውኃ አጥር ለአጥር መሆናቸው የሚያስገርም ነው።

ፋብሪካው ቧንቧውን ከድርቅ ያድናል፣ ጎርፍ ግን አያስቆምም። ሐዴራ በ1891 ስትቆረቆር ወባ የበዛባት ረግረግ ነበረች፤ ውኃውን እንዲመጥ ከተተከለው መካከል አዲስ አበባን በዚያው ዘመን ያለበሳት ባሕር ዛፍ ይገኛል። ሜዳነቷ ዛሬም አልተለወጠም፤ የተጨመረው አስፋልት ነው። በጃንዋሪ 2013 የሐዴራ ወንዝ ሞልቶ ፈስሶ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኢየሩሳሌም መንገዶቿ እስኪዘጉ በረዶ ጣለባት፤ ቀጥሎ የመጡት ተከታታይ ክረምቶች ደግሞ ለሰሜኑ የድርቅ ነበሩ። የሐዴራ ፍሳሽ መሐንዲሶች ቱቦ ሲቀብሩ የሚያሰሉት እንግዲህ በዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ሳይሆን በከፋችው አንዲት ሰዓት ነው።