የሦስት ወሩን መርፌ የመዘኑ ጉባኤዎች

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኤችአይቪ የመያዝ ከፍተኛ ስጋት ላለባቸው ሴቶች የአንድ የእርግዝና መከላከያ ምድብ ከ1 ወደ 2 እንዲዛወር ወሰነ። መድኃኒቱ ዴፖ ፕሮቬራ ነው፤ በየጤና ኬላችን የሦስት ወር መርፌ የሚባለው። ወረቀት ላይ የአንድ አኃዝ ለውጥ ናት። ነገር ግን በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ካገቡ ሴቶች 23 በመቶው እርግዝናን የሚከላከሉት በመርፌ ነበር፤ የሌሎቹ ዘመናዊ ዘዴዎች ተጠቃሚዎች ተደምረው እንኳ ይህን አያክሉም።

ምድብ 1 ያለ ገደብ ይሰጥ ማለት ነው። 2 ጥቅሙ በአብዛኛው ያመዝናል፣ 3 ጉዳቱ ያመዝናል፣ 4 ደግሞ አይሰጥ ነው። ይህን የሚመክሩት ከየአገሩ የተጠሩ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ናቸው። ከመድኃኒት ፋብሪካ ጋር የጥቅም ትስስር ያለው አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ማስረጃውም እንደ ጥንካሬው ደረጃ ይወጣለታል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ውሳኔውን ይበልጥ የሚያዘነብለው የቀረበላቸው ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ ጉዳት ይኖረው ይሆን ተብለው ሲጠየቁና መድኃኒቱ ራሱ ባይኖርስ ሴቶቹ ምን ይገጥማቸዋል ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ አይሆንም።

የአሜሪካ ታሪክ ይህን ያሳያል። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1978 መርፌውን ለእርግዝና መከላከያነት አልፈቅድም አለ። ቢግል በተባሉ የሙከራ ውሾች ጡት ላይ ዕጢ ታይቶ ነበር፤ ለአሜሪካ ሴቶች ሌላ አማራጭ መኖሩም አንዱ ምክንያት ሆነ። አምራቹ አቤት ሲል ሦስት ሳይንቲስቶች የተቀመጡበት አጣሪ ቦርድ በ1983 ጉዳዩን በአደባባይ ሰማ፤ በ1984 እሱም አይፈቀድ አለ። በእነዚያው ዓመታት መርፌው በወሊድ ብዙ እናቶች በሚሞቱባቸው አገሮች በሰፊው ይሰጥ ነበር። እዚያ የሚነጻጸረው ከኪኒን ጋር ብቻ አልነበረም፤ ካልታቀደ እርግዝናም ጋር ነው። በኬንያ፣ በሜክሲኮና በታይላንድ የተካሄደ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት በ1991 በአጠቃላይ የጡት ካንሰር ስጋት እንዳልጨመረ ካሳየ በኋላ አሜሪካ በ1992 ፈቀደች።

ኤችአይቪ ሲመጣ ክርክሩ ከረረ። አንዳቸው ብቻ ቫይረሱ ባለባቸው የአፍሪካ ጥንዶች ላይ የተደረገና በ2011 የወጣ ጥናት፣ የሆርሞን መርፌ የሚጠቀሙ ሴቶች በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ገደማ እንደሆነ አመለከተ። ግን ጥናቱ ሴቶቹን በዕጣ አልመደበም። መርፌ የመረጠችው ሴት በኮንዶም አጠቃቀሟም ከሌላዋ ልትለይ ትችላለች፤ ልዩነቱን ያመጣው መርፌው ይሁን ሌላ ነገር ለይቶ መናገር ያስቸግራል። በ2012 የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ምድቡን 1 ላይ ትተው ሴቶቹ ኮንዶም እንዲጨምሩ በጥብቅ ይመከሩ የሚል ማብራሪያ አከሉበት። ለእኔ ይህ ደካማ ውሳኔ ነበር። ቁጥሩ አታስቢ ይላል፣ ማብራሪያው ተጠንቀቂ ይላል፤ ደጇ ላይ ወረፋ የቆመባት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የትኛውን ትንገር? የ2017ቱ ምድብ 2 ቢያንስ ቁጥሩንና ምክሩን አስታርቋል።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በኢስዋቲኒ፣ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በዛምቢያ 7,829 ሴቶች በዕጣ መርፌ፣ ሉፕ ወይም ክንድ ሥር የሚቀበረው ዘዴ ሲደርሳቸው ነው። በ2019 የወጣው ውጤት በሦስቱ መካከል በኤችአይቪ በመያዝ ረገድ ጉልህ ልዩነት አላሳየም፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ምድቡ ወደ 1 ተመለሰ። ጥናቱ የታቀደው የ50 በመቶ ጭማሪን ለመለየት ስለነበር ከዚያ ያነሰ ልዩነት የለም ብሎ መማል አይቻልም። ይልቅ ከምድቡ በላይ ሊያነጋግር የሚገባው ሌላ ነበር፦ ምክርና ኮንዶም እየተሰጣቸው እንኳ 397 ሴቶች ተይዘዋል፤ ከ100 ሴት በዓመት ወደ 4 የሚጠጋ ማለት ነው።

ምድብ ያልፈታው ነገርም አለ። በ2012 መጨረሻ የእስራኤል ቴሌቪዥን፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች በቅጡ ሳይገባቸው መርፌው ይሰጣቸው ነበር የሚል ክስ አሰማ። በቀጣዩ ወር የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ሴቲቱ የመድኃኒቱን ውጤት መረዳቷ ካጠራጠረ ሐኪሞች ማዘዣውን እንዳያድሱ አሳሰቡ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው በ2016 የማስገደድ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። እዚያ ያጣላው የመድኃኒቱ ደረጃ አልነበረም፤ ሴቶቹ በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸው ነበር ወይ የሚለው ነው።

በ2024 ደግሞ ከፈረንሳይ የወጣ ጥናት መርፌውን ከአንድ ዓመት በላይ የተጠቀሙ ሴቶች ላይ የአንጎል ሽፋን ዕጢ ስጋት ከአምስት እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አመለከተ። ዕጢው ከመጀመሪያውም ብርቅ ስለሆነ የሚነካቸው ሴቶች ጥቂት ናቸው። የአውሮፓ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ መርፌውን አላገደም፤ ዕጢው ያለባት ወይም የነበረባት ሴት ለካንሰር ሕክምና ካልሆነ በቀር እንዳትወስደው መክሯል።