ሻንጣችን የሚጠጣው ነዳጅ

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ትኬት መቁረጡ በተሰማ ማግስት ስልኩ መጮህ ይጀምራል። «ኪሎ አለህ?» የሚለው ጥያቄ «መልካም መንገድ» ከሚለው ምኞት ይቀድማል። አክስት ለልጇ በርበሬ፣ ጎረቤት ለወንድሟ ሽሮ፣ የሥራ ባልደረባ ለእህቱ ቡና ያስይዛሉ። ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ ሲመለሱ ደግሞ ጫማው፣ ሻምፖው፣ ቫይታሚኑና የሕፃናት ልብሱ ይከተላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በብዙ መስመሮቹ ላይ ለኢኮኖሚ ክፍል ተሳፋሪ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችና 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ይፈቅዳል። እኛም የተፈቀደልንን እስከ መጨረሻዋ ግራም ለመሙላት እንተጋለን።

በአየር ማረፊያው ሚዛን ፊት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሚዛኑ 25.4 ያሳያል። ሻንጣው ወለል ላይ ተዘርግቶ ዚፑ ይከፈታል፤ ሁለት ፌስታል በርበሬ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ ከባዱ ጃኬት ይለበሳል። ሠራተኛዋ መለያ ወረቀቱን ስትለጥፍ ተሳፋሪው እፎይ ይላል፤ የትርፍ ኪሎ ክፍያው ቀርቶለታል። በርበሬውም ጃኬቱም ግን የሚሄዱት በዚያው አውሮፕላን ነው። ሞተሩ የሚያነሣው ክብደት በአንድ ግራም እንኳ አልቀነሰም።

ሚዛኑ ላይ የምናየው ቁጥር ሰማይ ላይ ወደ ነዳጅ፣ ነዳጁም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ዓለም በዓመት ከሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ የአቪዬሽን ድርሻ 2.5 በመቶ ገደማ እንደሆነ ይነገራል። በዚህ ውስጥ የእያንዳንዳችን ሻንጣ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ግን ቁጭ ብለን አስልተን አናውቅም። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ማወቁም ይጠቅመናል።

ክብደት እንዴት ነዳጅ ይበላል?

አውሮፕላን አየር ላይ የሚቆየው ክንፎቹ ከክብደቱ ጋር የሚመጣጠን ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል ስለሚፈጥሩ ነው። ክብደቱ ሲጨምር ክንፎቹ የበለጠ ማንሣት አለባቸው። የበለጠ ባነሡ ቁጥር ደግሞ አየሩ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል አብሮ ያድጋል። ሞተሮቹ ይህንን ጉተታ የሚያሸንፉት ተጨማሪ ነዳጅ በማቃጠል ነው። ወጪው አውሮፕላኑ ከመሬት ሲነሣ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ሻንጣው ጭነት ክፍሉ ውስጥ እስካለ ድረስ በየደቂቃው ይከፈላል።

ጉዞው ሲረዝም ሌላ ነገር ይጨመራል። ድሮ ሩቅ የሚዘምት ሰው ስንቁን ይዞ ነበር የሚሄደው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ስንቁ ይበዛል፤ ስንቁ ሲበዛ ተጨማሪ አጋሰስ፣ ለአጋሰሱም ተጨማሪ መኖ ያስፈልጋል። የአውሮፕላን ነዳጅም እንደዚያ ስንቅ ነው። በ13ኛው ሰዓት ላይ የሚቃጠለው ነዳጅ ከመነሻው ጀምሮ 12 ሰዓት ሙሉ ተጭኖ ይጓዛል፤ እርሱን ለመሸከምም ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል።

በግርድፉ ሲሰላ አንድ አውሮፕላን ለተጨመረበት ክብደት በየሰዓቱ የዚያን ክብደት ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚያህል ነዳጅ ያቃጥላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከአውሮፕላኑ ዓይነትና ከጉዞው ርዝመት ነው። አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ወደ ዝቅተኛው፣ አሮጌዎቹ ወደ ከፍተኛው ቁጥር ይጠጋሉ።

የአንድ ሻንጣ ሂሳብ

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚደረገው ቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እላይ ባየነው ግምት 23 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሻንጣ በዚህ መንገድ ላይ ከ6 እስከ 12 ኪሎ ነዳጅ ያስቃጥላል። ከአንድ ኪሎ የጀት ነዳጅ ደግሞ 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ኪሎ ነዳጅ እንዴት ከሦስት ኪሎ በላይ ጋዝ ይሆናል? ምክንያቱ ኦክስጅን ነው። ነዳጁ በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ ሲቃጠል እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአየሩ ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ወስዶ ይጣመራል። ኦክስጅን ከካርቦን ስለሚከብድ የጋዙ ክብደት ከነዳጁ በብዙ ይበልጣል።

ስለዚህ አንድ ሻንጣ በአንድ ጉዞ የሚያስከትለው ልቀት ከ19 እስከ 38 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ሻንጣ ደርሶ መልስ ሲሰላ ከ75 እስከ 150 ኪሎ ገደማ ነው።

የጃፓን አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሙከራ ጀምሮ ነበር፤ ወደ ጃፓን የሚመጡ መንገደኞች ልብስ ተሸክመው ከመምጣት ይልቅ እዚያው እንዲከራዩ የሚያደርግ አገልግሎት። አየር መንገዱ ያኔ ባወጣው ግምት አንድ መንገደኛ ከቶኪዮ ኒው ዮርክ ሲበር ሻንጣውን በ10 ኪሎ ቢያቀል 7.5 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ይህ ለ23 ኪሎ ሻንጣ ሲባዛ 17 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ እኛ ካገኘነው ዝቅተኛ ቁጥር ብዙም አይርቅም።

በእርግጥ ከተሳፋሪው ጠቅላላ ድርሻ ጋር ሲተያይ ሻንጣው ትንሹ ክፍል ነው። በዋሽንግተንና አዲስ አበባ መስመር ላይ የአንድ ወንበር ልቀት በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ይለካል። ነገር ግን ሌላ ማነጻጸሪያም አለ። የአንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከመሰል ምንጮች የሚመጣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት በአማካይ በዓመት ከ200 ኪሎ አይበልጥም። የሁለት ሻንጣ ደርሶ መልስ ልቀት እንግዲህ ያገሬውን ሰው የበርካታ ወራት ድርሻ ያህላል። የአየር ንብረት ተለውጦ ዝናብ ሲዛባ ቀድሞ የሚራበውም ይኸው ወገናችን ነው። ነገሩ ትንሽ ነው ብለን እንዳናልፈው የሚያደርገን ይህ ነው።

ቦሌ ላይ ኪሎ ይብሳል

ክብደት በየትኛውም አየር ማረፊያ ያስከፍላል፤ ቦሌ ላይ ግን ይብሳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚይዘው፣ ሞተሩም የሚስበው ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት፣ የበለጠ መንደርደሪያም ይፈልጋል። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በሙሉ ተሳፋሪ፣ በሙሉ ጭነትና ውቅያኖስ በሚያሻግር ነዳጅ የተሞላ አውሮፕላን ለማስነሣት አይበቃም።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በሮም፣ ኋላም በደብሊን ነዳጅ ለመሙላት ሲቆም የኖረው፣ መልሱ ግን ቀጥታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ሲነሣም ከቦሌ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ባለ ስፍራ ላይ መሆኑ ከጥቅሞቹ እንደ አንዱ ይቆጠራል። ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ የሚጫነው ከነዳጅ ወይም ከሌላ ጭነት ጋር ተሻምቶ ነው።

ለግራም የሚጨነቁ

አውሮፕላን የሚሠሩና የሚያበርሩ ሰዎች ክብደትን እንዴት እንደሚያዩት ማወቅ ለእኛ ትምህርት ይሆነናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስገባው ቦይንግ 787 እና በ2016 ያስገባው ኤርባስ ኤ350 የአካላቸው ክብደት ግማሽ ያህሉ በካርቦን ፋይበርና በመሰል ቀላል ቁሶች የተሠራ ነው። መሐንዲሶች ዓመታት የደከሙት ብረታ ብረቱን በቀላል ቁስ ለመተካት ነበር።

በአሜሪካ ዩናይትድ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2018 በወንበር ኪስ የሚቀመጠውን መጽሔቱን በሳሳ ወረቀት ማተም ጀመረ። ከአንዱ ቅጂ የቀነሰው 28 ግራም ብቻ ነበር። በሁሉም ወንበርና በሁሉም በረራ ሲባዛ ግን በዓመት 170,000 ጋሎን፣ ማለትም ከ640,000 ሊትር በላይ ነዳጅ እንደሚያድን አየር መንገዱ አስልቷል። አሜሪካን አየር መንገድም አብራሪዎቹ ይሸከሙት የነበረውን 16 ኪሎ ያህል የሚመዝን የበረራ ሰነድ ቦርሳ እ.ኤ.አ. በ2013 በታብሌት ተክቶ በዓመት 400,000 ጋሎን ነዳጅ እንደሚያተርፍ አስታውቋል። ሻንጣዎቻችን የሚታጨቁባቸው የአሉሚኒየም ኮንቴይነሮች እንኳ ባዷቸውን 80 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝኑ ብዙ አየር መንገዶች 60 ኪሎ ገደማ በሚመዝኑ ቀላል ኮንቴይነሮች እየተኳቸው ነው።

ባለሙያዎች 28 ግራም ለመቀነስ ይህን ያህል ከተጉ፣ እኛ ሳናስብበት የምንጨምረው አምስት ኪሎ ከቁጥር የማይገባበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። እኔ ብቀንስ አየር መንገዱ በቦታው ሌላ ጭነት ይጭንበት የለም ወይ? አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይጭናል። ከአዲስ አበባ የሚነሡ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከሻንጣዎቻችን ጎን ለገበያ የሚላክ ዕቃ ይዘው ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ ያ ጭነት በሌላ በረራ መሄዱ ይቀርለታል፤ የተለቀቀው ኪሎም በከንቱ አልባከነም ማለት ነው። ጭነት ባልተገኘበት ቀን ደግሞ አውሮፕላኑ ቀሎ ይበራል፣ ነዳጁም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ምን እንያዝ፣ ምን እንተው?

ለዘመድ የሚላክ ነገር ከዋጋው በላይ ትርጉም አለው። እናት በፀሐይ አድርቃ፣ ቀምማና አስፈጭታ የላከችው በርበሬ በየትኛውም ሱቅ አይገኝም። ለልጅ ሠርግ የተሸመነ የሐበሻ ልብስም እንዲሁ። እነዚህ ተይዘው ይሂዱ። የሚተው ሌላ ብዙ አለ።

አንደኛው ባዶው ሻንጣ ነው። ትልቅና ጠንካራ ሻንጣ ምንም ሳይገባበት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ከ3 ኪሎ በታች የሆኑ ቀላል ሻንጣዎች በገበያ ላይ አሉ። ሻንጣ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር የባዶውን ክብደት ይሁን።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ሻምፖ፣ ሎሽንና ፈሳሽ ሳሙና አብዛኛው ክፍላቸው ውሃ ነው፤ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥም ሞልተዋል። የአገራችን ባልትና ለዚህ የቆየ መፍትሔ አለው። ትኩስ እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ሲሆን ድርቆሽ ግን ውሃውን እቤት ትቶ ይሄዳል። ሽሮም በርበሬም የደረቁ ስለሆኑ ለመንገድ የተመቹ ናቸው። ጤፍም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካዋ አይዳሆ ግዛት ይመረታል፤ ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ወገን ዱቄቱን እዚያው ገዝቶ እዚያው ይጋግራል።

ሦስተኛው መድረሻው ላይ የሚገዛ ነገር ነው። ለአዲስ አበባ ዘመድ አምስት ኪሎ የንጽሕና ዕቃ ከማምጣት ዋጋውን በባንክ መላክ ይቀላል፤ የሰፈሩ ባለሱቅም ይጠቀማል። የማያስቸኩል ከባድ ዕቃ ካለ ደግሞ በመርከብ ይሂድ። አንድን ኪሎ በባሕር ማጓጓዝ በአየር ከማጓጓዝ ጋር ሲነጻጸር ልቀቱ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በጅቡቲ በኩል ለመድረስ ሳምንታት ቢወስድም ወንበርና ብረት ድስት ይታገሣሉ።

አራተኛው የእኛው ልማድ ነው። 46 ኪሎ ተፈቀደ ማለት 46 ኪሎ መሙላት ግዴታ ነው ማለት አይደለም። «ኪሎ አለህ?» ተብለን ስንጠየቅ በሙሉ ልብ «የማይገኝ ነገር ከሆነ አምጣው» ብለን እንመልስ። ዕቃ የምናስይዝ ሰዎችም «እዚያ አገር ይህ ይገኛል ወይ?» ብለን አስቀድመን እንጠይቅ። መንገደኛውን ከሸክም እናሳርፈዋለን፤ ሁለቱን ሻንጣ ከሻንጣ ማመላለሻው ቀበቶ ላይ አንሥቶ በጋሪ ሲገፋም ወገቡን አያመውም።

300 ሰው በያዘ አንድ የዋሽንግተን በረራ ላይ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ሁለት ኪሎ ብቻ ቢቀንስ አውሮፕላኑ በ600 ኪሎ ይቀላል። በአንድ ጉዞ ብቻ ከግማሽ ቶን እስከ አንድ ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይወጣ ይቀራል ማለት ነው። ሁለት ኪሎ ደግሞ አንድ ከባድ ሻንጣ በቀላል መተካት ወይም ሁለት ጠርሙስ ሻምፖ መተው ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ሻንጣችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ኪሎዎች ፈልጋችሁ አውጡ።