ፓርኩር የሚጀመረው ከመሬት ነው

ዛሬ ጠዋት አንድ የ16 ዓመት ልጅ በክራንች ወደ ሕክምና ክፍሌ ገባ። የተረከዝ አጥንቱ ተሰብሮ ጄሶው ከተፈታለት ሁለት ሳምንቱ ነው። የተሰበረው ቲክቶክ ላይ ያየውን ፓርኩር (መሰናክልን በሩጫና በዝላይ የማለፍ ስፖርት) ሊሞክር ከጅምር ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ዘሎ ነው። እግሩን እያሠራሁት ምን ጠየቀኝ? ፍርሃቱን እንዴት እንደሚያጠፋ! ስልኩ ላይ ያለው ቪዲዮ፣ በአማርኛ፣ ፍርሃት የሚባል ነገር እንደሌለና አእምሮን ዘግቶ መዝለል ብቻ እንደሚበቃ ያስተምራል። በጣም ነው የተናደድኩት። ቀጣዩ ታካሚ እስኪገባ ልጻፈው።

ፓርኩርን አልቃወምም። እንዲያውም ጥሩ ስፖርት ነው። ግን የጀመሩት ሰዎች እንደዚህ አልጀመሩትም። ዴቪድ ቤል፣ ሴባስቲያን ፉካንና ጓደኞቻቸው ከፓሪስ በስተደቡብ ባለችው ሊስ በምትባል ከተማና በአካባቢዋ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓመታት የደከሙበት ነገር ነው። ፉካንን እ.ኤ.አ. በ2006ቱ የጄምስ ቦንድ ፊልም ክሬን ላይ ሲሮጥ ያያችሁት ከአሥር ዓመት በላይ ከተለማመደ በኋላ ነው። ቪዲዮው ያንን አሥር ዓመት አያሳይም።

ስለዚህ ለጀማሪ፦

1ኛ፦ አረጋገጥ። ከ1 ሜትር ስትዘሉ መሬት የምትደርሱት በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው፤ ከ3 ሜትር ከሆነ 28። ያ ፍጥነት አንድ ቦታ መብረድ አለበት። ከ1 ሜትር ዘላችሁ ጉልበትና ዳሌያችሁን እያጠፋችሁ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ብትቆሙ፣ እግራችሁ በአማካይ የሰውነታችሁን ክብደት 3 እጥፍ ይሸከማል። ግትር ብላችሁ በ5 ሳንቲ ሜትር ብትቆሙ ግን 20 እጥፍ ያልፋል። መጀመሪያ መሬት የሚነካው የእግር መዳፍ የፊተኛው ክፍል ነው፤ ተረከዝ አይደለም። በተረከዝ የወረደ ኃይል ሽቅብ እስከ ወገብ ይሄዳል፤ ተረከዙን የሰበረ ሰው ወገቡም የሚመረመረው ለዚህ ነው። በደንብ የረገጠ ሰው ድምፅ የለውም። ዱብ ካላችሁ ከፍታውን ቀንሱ። የመጀመሪያው ከፍታ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነው።

2ኛ፦ መንከባለል። ሳር ላይ፣ ከአንዱ ትከሻ ወደ ተቃራኒው ዳሌ፣ በሰያፍ። በጭንቅላትና በጀርባ አጥንት ላይ ቀጥ ብላችሁ አይደለም።

3ኛ፦ ፍርሃት። ልጆቹን እየሰበረ ያለው ይህን ነገር አለመረዳት ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። ድፍረትና በራስ መተማመን አንድ አይደሉም። ድፍረት ምንም ሳያውቁም ይመጣል። መተማመን ግን ማስረጃ ይጠይቃል፤ ማስረጃውን የሚሰጠው ደግሞ የራሳችሁ እግር ነው። ሜዳ ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር አስምሩ። በመካከሉ ያለውን ርቀት በጫማችሁ ለኩ፤ ስድስት ጫማ ይሁን። ከአንዱ መስመር ሌላው ላይ ዘላችሁ ሳትንገዳገዱ ቁሙ። አሥር ጊዜ ሞክራችሁ ሰባቱ ብቻ ከተሳካ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ስትወጡ የሚሰማችሁ ፍርሃት እውነቱን ነው የነገራችሁ፤ ሦስቱን አስታውሶ ነው። አሥሩም ሲሳካ ያንኑ ስድስት ጫማ ወደ መንገድ ጠርዝ ውሰዱት፤ ከዚያ ጉልበት ወደሚደርስ ግንብ። ርቀቱ ያው ነው፤ የተጨመረው ከፍታ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ፍርሃቱ በራሱ ይቀንሳል፤ ማንም እንዲገድለው አያስፈልግም። ካልቀነሰ ውረዱ። መውረድ የልምምዱ አካል ነው፤ ጓደኛችሁ ስልክ ደግኖ ቢጠብቅም ውረዱ!

4ኛው ስለ ቦታ ነበር። ግን የትኛው ቦታ? ትምህርት ቤት ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልቃል፤ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ለሒሳብ ይሰጣል። ባለፈው ዓመት አንድን ትምህርት ቤት የሳር ሜዳውን ቅዳሜ ጠዋት ይፍቀድልኝ፣ ልጆቹን በነፃ አረጋገጥ ላስተምር ብዬ ጠየቅሁ። ከወረዳ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ወረዳው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሜዳው ቅዳሜ ቅዳሜ ተቆልፎ ይውላል፤ ልጆቹ ፌሮ በወጣበት ጅምር ሕንፃ ላይ ይዘላሉ። ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ፓርኩርን እ.ኤ.አ. በ2018 ተቀብሎ በ2022 ቶኪዮ ላይ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና አካሂዷል። እኛ ጋ አሁንም ዱርዬነት ነው የሚባለው።

ወላጆች፣ እባካችሁ፣ ዘሎ ያበጠ እግር አይታሽ። ኤክስሬይ ሳይነሣ ወጌሻ ጋ አትውሰዱት፤ ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። እጁን ተመርኩዞ የወደቀ ልጅ ደግሞ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ አንጓው አጠገብ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሲነካ ካመመው፣ የመጀመሪያው ኤክስሬይ ደህና ነው ቢልም እጁ ታስሮ ይቆይና ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ይነሣ። እዚያ ያለው ትንሽ አጥንት ስብራቱ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም።