ሬዚደንቱ ከሄደ በኋላ

የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም በሆስፒታል ራውንድ ላይ የሚጠየቀውን በቃሉ ያውቀዋል። የሕመሙ ስም ምንድን ነው? ከየትኞቹ ሕመሞች ለየኸው? የትኛው መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን? ደቡብ ጎንደር ውስጥ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ አብሮኝ ሲወጣ አንድ ጥያቄ እጨምርበታለሁ፦ «አንተ ስትሄድ ማን ይቀጥለዋል?» ለዚህ መልስ የሌለው ሬዚደንት፣ ምርመራው ምንም ቢያምር፣ እኔ ዘንድ አላለፈም።

ይህን የሚያስጠይቀኝ የቁጥራችን ማነስ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በጀመረበት በ1995 ዓ.ም. ለ70 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የነበሩት ስፔሻሊስቶች 11 ብቻ ነበሩ። የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በየተራ ለወር ለወር እየመጡ አብረው አስተማሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራችን አድጓል። ያም ሆኖ ጋይንትና ስማዳ ላለው ታማሚ ሁሉ እኛው እንደርሳለን ማለት ዘበት ነው። የስፔሻሊስት ግማሽ ሙያው ሌላውን ባለሙያ ማብቃት ነው።

ማብቃት እንደሚቻል ከቡታጅራ ተምረናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ሲጠየቁ፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። ኋላ በዚያው አካባቢ ተሠርቶ በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ደግሞ በጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የታከሙት ሰዎች ውጤት፣ በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከታከሙት እንደማያንስ አሳየ። ለጎንደር ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ደንቢያ በወባ ወረርሽኝ ባለቀ ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሱንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ቡድን ወደ ገጠር እያወረደ ያስተምር ነበር። ዘግይተን የደረስነው እኛ የአእምሮ ሐኪሞች ነን።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ታማሚውን የምታነጋግረው ነርሷ ናት፤ ሬዚደንቱ ከጎኗ ይቀመጣል። ለወጣት ሐኪም ይህ ከባድ ነው። እሷ አንድ ጥያቄ ስትዘል ዝም ማለት ያቅተዋል። ታማሚው ከወጣ በኋላ እንዲነግራት እንጂ ፊት ለፊቱ እንዲያርማት አልፈቅድም። ያ ሰው በሚቀጥለው ወር የሚመለሰው ወደ እሷ ነው፤ እሷን ካቃለልንበት ማንን አምኖ ይመጣል?

ከዚያ የመድኃኒቱ ነገር ይመጣል። መጽሐፉ የሚያስቀድመው መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ከሌለና ያለው ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ከሆነ፣ ሬዚደንቱ እነዚህን አሮጌ መድኃኒቶች አጥርቶ ማወቅ አለበት። ክሎርፕሮማዚን ያፈዝዛል፤ ለገበሬ ጠዋት ከታዘዘ ሞፈር አያስይዘውም፣ ፀሐይም ቆዳውን ይጎዳዋል። ስለዚህ ሲተኛ ይውሰደው። ሃሎፔሪዶል አንገት ሊያደርቅ፣ እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ «መድኃኒቱ ልጃችንን አደረቀብን» ብሎ ያቋርጠዋል። ወር በወር የሚወጋው ፍሉፌናዚን ከዕለት ክኒን ይገላግላል፤ ነገር ግን ክረምት ወንዝ ሲሞላ ወይም መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮው ያልፋል። በነዚህ ዓመታት መንገድ መዘጋቱን ያላሰበ ዕቅድ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ጾምም የሚያስተምረው አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ክኒን አይውጥም። ከእሱ ጋር ከመከራከር ሰዓቱን ማዛወር ይቀላል። ሊቲየም የሚወስድ ከሆነ ግን ውኃ ሳይጠጣ ሲውል መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ሊከማች ስለሚችል ከንስሐ አባቱ ጋር ጭምር መመካከር ያስፈልጋል።

ጠበልም እንዲሁ ነው። ደራ ውስጥ ያለው የወንዛዬ ፍል ውኃና በየደብሩ የሚፈልቀው ጠበል ብዙ ጊዜ ከእኛ ደጅ በፊት የሚረገጡ ደጆች ናቸው። ልጃቸውን ያመጡ እናት «ሱባኤውን ሳይጨርስ ክኒን ከዋጠ አይሠራለትም ይሉኛል» ሲሉ፣ ሬዚደንቱ ስለ አንጎል ኬሚካል ትምህርት እንዲሰጣቸው አልፈልግም። «እማማ፣ ጠበሉን አያስተዉት፤ ክኒኑንም አያስተዉት» ማለት ይበቃል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል፤ ለአእምሮ መድኃኒትም ይኸው ምክር ይሠራል። ልጁ በሰንሰለት ታስሮ ከመጣም ቁጣ አይፈታውም። ቤተሰቡ ያሰረው ገደል ይገባብናል፣ ሰው ይመታብናል ብሎ ፈርቶ ይሆናል። መጀመሪያ ልጁ እንቅልፍ ያግኝ፤ ሰንሰለቱ የሚወልቅበትን ቀን ከቤተሰቡ ጋር ቆርጠን፣ ያን ቀን ቤቱን እንድትጎበኝ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንጠይቃለን።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ሬዚደንት ገጠር ወርዶ ጊዜ ያባክናል፣ ውስብስብ ሕመም የሚያየው ሆስፒታል ነው ይላሉ። እውነት አላቸው፤ የሆስፒታሉ ሥልጠና ይቅር የሚል የለም። የእኔ ጥያቄ ስለ ሥራ መዝገቡ ነው። ሬዚደንቱ ያያቸው ታማሚዎች፣ ያቀረባቸው ኬዞች ሁሉ እዚያ ይሰፍራሉ። አንድ ገጽ ይጨመርበት፦ እሱ ከሄደ ከሦስት ወር በኋላ ነርሷ ብቻዋን የምትከታተላቸው ስንት ናቸው? ስንቱ መድኃኒት አቋረጡ? ለምን? ገጹን የምትሞላው ነርሷ ትሁን፤ መምህሩም ከፈተናው ውጤት ጋር ይደምረው።