ኮምፒዩተርን ያለ ጉዳት ስለ ማስነሣት

ሞፈሩንና ቀንበሩን ሳይመለከት በሬውን የሚጠምድ ገበሬ የለም። ኮምፒዩተርም ከመነሣቱ በፊት መታየት ያለበት ነገር አለው።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡት አካባቢዎች ውስጥ ናቸው። የወተት ማኅበራችሁ ሒሳቡን በኮምፒዩተር የሚይዝ ከሆነ፣ ማን ስንት ሊትር እንዳስረከበ የተጻፈው በእርሱ ውስጥ ነው። መኪናው ቢቃጠል የአባላት ገንዘብ ማስረጃ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን ፈጽሙ።

1ኛ፤ ሽቦውን ተመልከቱ። የተላጠ ሽቦ ወይም የላላ ሶኬት ካለ አትሰኩ። እጃችሁም የደረቀ ይሁን። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በአንዳንድ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ይገኛል። ሳትሰኩ በፊት 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ 115 ላይ እንዳለ ቢሰካ ይቃጠላል።

2ኛ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አትቸኩሉ። ኃይሉ አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ሊል ይችላል። መብራት ሲጠፋ መሰኪያውን ንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላ እስኪረጋ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። በክረምት መብረቅና ነጎድጓድ ሲቃረብም ኮምፒዩተሩን ዘግቶ መንቀል ነው።

3ኛ፤ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በመጀመሪያ ስታቢላይዘሩን አብሩ፤ ቀጥሎ ስክሪኑን፤ በመጨረሻም የሣጥኑን ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ። ምጣድ ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃ በዚያው ዲቫይደር ላይ ፈጽሞ አትሰኩ።

4ኛ፤ ሲነሣ ቀኑን ተመልከቱ። በውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትደክም ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ የዛሬውም ወተት በሌላ ዓመት ይመዘገባል። ኮምፒዩተሩ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ የእኛ መስከረም 1 ቀን 2018 በእርሱ ዘንድ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 መሆኑን አትርሱ።

ጭስ ወይም የተቃጠለ ነገር ሽታ ከመጣ ኃይሉን ከቆጣሪው አጥፉ፤ ውሃ ግን አታፍስሱበት።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ ይህን ቅደም ተከተል በወረቀት ጽፋችሁ ከኮምፒዩተሩ በላይ በግድግዳው ላይ ለጥፉት። የዕለቱንም ሒሳብ ማታ ማታ በፍላሽ ገልብጡ፤ የወረቀቱን መዝገብ አትተዉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።