ከገመድ ጉተታው በኋላ ምን ይቀራል? ስለ ቡድን ግንባታ መልመጃዎች

የበጀት ዓመት በተዘጋ ቁጥር ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን በአውቶቡስ አሳፍረው ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ሐዋሳ ይወስዳሉ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ይታደላል፤ ገመድ ይጎተታል፤ እንቁላል በማንኪያ ተይዞ ይሮጣል፤ ምሳ ተበልቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ማምሻውን መመለስ ነው። «የቡድን ግንባታ» የሚባለው ይህ መርሐ ግብር በጀት የሚያዝለትና በሪፖርት የሚጠቀስ ተግባር ሆኗል። በሥራው ላይ ስላመጣው ለውጥ ግን ሲጠየቅ እምብዛም አይሰማም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጨዋታውን መንቀፍ ሳይሆን፣ ምን ሲጨመርበት ለሥራ እንደሚበጅ ከገጠመን ነገር ተነሥተን ማስረዳት ነው።

እኛም ቀደም ሲል እናገለግልበት በነበረ አንድ የመስክ ጽሕፈት ቤት ሳለን ገመዱን ጎትተን፣ ስቀንና ተቃቅፈን ተመልሰናል። ወር ሳይሞላ በአንድ ቀበሌ የነበረ የእጅ ፓምፕ ተበላሸ። ያለቀው ከመዳፍ የማይሰፋ የጎማ ቀለበት ነበር፤ ትርፍ ቀለበትም በግምጃ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። የውኃ ኮሚቴው ለማኅበረሰብ ሠራተኛው ነገረ፤ እርሱም የመጠየቂያ ቅጹን ሞልቶ በቴክኒሻኑ ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤ ቴክኒሻኑ ሌላ ወረዳ ነበር። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ያልተጠየቁትን ዕቃ አያወጡም። አሽከርካሪያችን በዚያው መንገድ ሁለት ጊዜ ሲመላለሱ የቆመውን ፓምፕ አይተዋል፤ ነገር ግን የሚመለከታቸው ያውቁታል ብለው ዝም አሉ። በዚህ መካከል 19 ቀን አለፈ፤ እናቶችም እንደ ቀድሞው ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ወረዱ። ከመካከላችን የሰነፈ አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ድርሻ እንደፈጸመ ያምን ነበር።

ነገሩን ስናሰላስል ያ ገመድ ትዝ አለን። ማክሲሚልየን ሪንገልማን የተባሉ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ የገመድ ጎታቾችን ኃይል በመሣሪያ ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 አሳትመው ነበር። የጎታቾቹ ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ድርሻ ቀነሰ፤ 8 ሲሆኑ አንዱ ሰው የሚጎትተው ብቻውን ሊጎትት ከሚችለው ግማሽ ያህሉን ብቻ ሆነ። ለዚህ አንዱ ምክንያት የቅንጅት ማጣት ነው፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይስብም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1974 ተመራማሪዎች የተሳታፊውን ዓይን ሸፍነው ከኋላው ሌሎች የሚጎትቱ አስመሰሉ። በእውነቱ ከእርሱ በቀር የሚስብ አልነበረም፤ እርሱ ግን ረዳት ያለው መስሎት ኃይሉን ቀነሰ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ለብቻው እንደሚታወቅ ሲነገር ይህ መላላት እንደሚወገድ አሳይተዋል።

እንግዲህ ገመድ አስጎትቶ አጨብጭቦ የሚያሰናብት አሠልጣኝ ችግሩን ራሱን አለማምዶናል ማለት ነው። አባቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻላሉ። ወንፈል የገባ ገበሬ ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ፣ ነገም ለማን የጉልበት ዕዳ እንዳለበት ጠንቅቆ ያውቃል፤ በደቦ አጨዳም ወደ ኋላ የቀረ ሰው ለሁሉም ይታያል። ቅዳሴም ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስም፤ አንዱ ሲጎድል ጉድለቱ ወዲያው ይታወቃል።

በመሆኑም ያንኑ ገመድ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ አምጥተን ሣር ላይ ዘረጋነው። አንደኛው ጫፍ ፓምፑ፣ ሌላኛው ግምጃ ቤቱ እንዲሆን ተስማማን፤ እያንዳንዱ ሠራተኛም ቅጹ በሚያልፍበት ቦታ ገመዱን ይዞ ቆመ። ሦስት ነገር ብቻ ይናገራል፦ ከማን እንደሚቀበል፣ ለማን እንደሚያስተላልፍ፣ ተቀባዩ መረከቡን በምን እንደሚያውቅ። ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሰ አልተገኘም! ጉዳዩ የት እንደደረሰ ለውኃ ኮሚቴው የሚነግር ሰው እንዳልተመደበም ታወቀ። በስብሰባ ተጠርተው የማያውቁት አሽከርካሪ ያዩትን የተናገሩት ያን ቀን ነው። መልመጃው ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ወጪውም የሻይ ብቻ ነበር።

የሥራ መለዋወጥም ጠቅሞናል። የሒሳብ ሠራተኛችን አንድ ቀን መስክ ውለው ሲመለሱ፣ ሲሚንቶ በአህያ የሚያጓጉዝ ሰው ደረሰኝ ሊቆርጥ እንደማይችል ራሳቸው አስረዱን። ከዚያ በፊት ስለዚህ ጉዳይ ስንት ማስታወሻ እንደተጻጻፍን አንናገርም።

ከሁሉ የሚከብደው ከመልመጃውም ሆነ ከሥራው በኋላ የሚደረገው ውይይት ነው። የአሜሪካ ጦር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ስልት አለ፦ ምን ታስቦ ነበር፣ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ ወደፊትስ ምን ይደረግ ብሎ መጠየቅ። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። በእኛ ዘንድ ግን «ግምገማ» የሚለው ቃል ብቻውን ሰውን ያስደነግጣል፤ ከብዙ ዘመን ልምድ የተነሣ መወንጀያ መስሎ ይታያል። ስለዚህ እኛ «የሥራ ምልከታ» አልነው፤ አለቃ በመጨረሻ እንዲናገር፣ ወጣቶችና የድጋፍ ሠራተኞች እንዲጀምሩም ወሰንን። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ምሁር ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት ሲያጠኑ፣ የተሻለ አመራር ባላቸው ክፍሎች የበለጠ ስሕተት ተመዝግቦ አግኝተዋል። በኋላ ሲመረምሩት፣ ልዩነቱ ስሕተትን ሳይፈሩ ከመናገር የመጣ ነበር። የምልከታው መዝገብ ባዶ የሆነበት የሥራ ክፍል ኃላፊ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

መልመጃ ሲመረጥ የሰውን ሁኔታ ማየትም ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም መካከል የኬክ መብላት ውድድር አሰናድተው የመጡ አሠልጣኝ ገጥመውናል። ከዚህ የማይሻለው ደግሞ መሮጥ የማይችሉ አረጋውያን ሠራተኞችን ዳር አስቀምጦ ቦርሳ ማስጠበቅ ነው።

በተከታዩ በጋ ያው ፓምፕ እንደገና ቆመ። አሽከርካሪው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከመንገድ ደወሉ፤ የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ቀለበቱን በጊዜያዊ ፊርማ አወጡ፤ ሐሙስ ተገጠመ። ቅጹ የተሞላው ዓርብ ነው። በዚህ ጉዳይ ከዚያ ጽሕፈት ቤት እስክንዛወር ድረስ ከሒሳብ ክፍል ጋር አልተስማማንም ነበር።